አንድ ሕይወት በስንት ዘውግ ይጻፋል? የሰሜን ሸዋ ደራስያንና የዛሬው የትዝታ ገበያ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአማርኛ የመጻሕፍት ገበያ ላይ ትዝታ ነግሧል። ጄኔራሉ ትዝታውን ይጽፋል፤ ሚኒስትሩ ከሥልጣን በወረደ ማግስት ብዕሩን ያነሣል፤ የታሰረውም፣ የተሰደደውም፣ የተሾመውም፣ የተሻረውም የየራሱን ይዞ ይመጣል። ልብ ወለድ ጸሐፊው ደግሞ ሥራው እንዲሸጥለት ሽፋኑ ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል መስመር ማስፈር ጀምሯል። በምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ ከአንባቢ በኩል የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄም «ይህ ነገር የምር ደርሷል?» የሚለው ነው። ደራሲው «አዎ» ሲል ጭብጨባው ይደምቃል፤ «ከምናቤ ነው» ሲል ግን እንደ መታለል የሚቆጥረው ሰው አይጠፋም።

እኔ ራሴ የትዝታ መጻሕፍት ደንበኛ ነኝ። የሚያሳስበኝ መብዛታቸው ሳይሆን የሕይወት ልምድ ወደ ጽሑፍ የሚገባበት ብቸኛ በር እየሆኑ መምጣታቸው ነው። ሰው የኖረውን ለመጻፍ ሲነሣ ከልጅነቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል መተረክ ብቻ የሚታየው ከሆነ፣ የኖረው ነገር አብዛኛው ሳይጻፍ ይቀራል። ከኖርነው ውስጥ በተውኔት ካልሆነ በቀር የማይነገር አለ፤ በግጥም ብቻ የሚወጣ አለ፤ ባለቤቱ በራሱ ስም ሊናገረው የማይደፍረውና የግድ ገጸ ባሕርይ የሚያስፈልገውም አለ። ይህን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ሰሜን ሸዋ ይበቃል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐ ቤቴ ልጅ ናቸው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተወለዱት ከደብረ ብርሃን ብዙ ሳይርቅ ሲያደብር ነው። ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ከተጉለት፣ ከበደ ሚካኤል ከመንዝ፣ ዳኛቸው ወርቁ ከደብረ ሲና ናቸው። አምስቱም ከተጎራባች አውራጃዎች የተገኙ ሲሆኑ፣ አንዳቸውም በአንድ ዘውግ፣ ማለትም በአንድ የጽሑፍ ዓይነት፣ ተወስነው አልቀሩም። ኅሩይ ልብ ወለድ፣ የጉዞ መጽሐፍ፣ የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ፣ የምክር መጽሐፍና የመጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀር አሳትመዋል። ተክለ ሐዋርያት በኢትዮጵያ የዘመናዊ ተውኔት ታሪክ ፈር ቀዳጁን ተውኔት ጻፉ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ የሕይወት ታሪካቸውንም ጽፈው አስቀመጡ። መኮንን ልብ ወለድም ተውኔትም ጽፈዋል። ከበደ ሚካኤል ባለቅኔ፣ ጸሐፌ ተውኔት፣ ተርጓሚና የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። ዳኛቸው ከተውኔትና ከግጥም ተነሥቶ ልብ ወለድ ደረሰ፤ በእንግሊዝኛም ጻፈ፤ በመጨረሻም ለጀማሪዎች የጽሑፍ ጥበብን የሚያስተምር መመሪያ አዘጋጀ።

ይህን ሁሉ «ተሰጥኦ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ምንም አያብራራም። ከተሰጥኦው በስተጀርባ ቢያንስ ሁለት ምድራዊ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። የቅኔ ተማሪ የተማረውን በመድገም ብቻ አያልፍም፤ በየጊዜው አዲስ ቅኔ መቁጠር አለበት፤ ጉባኤ ቃና፣ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ መወድስ እያለ ልኩና ቤቱ የተለያየ ዓይነት ይሠራል። አንድን ሐሳብ በሁለት መስመርም በስምንት መስመርም ማስተናገድን በወጣትነቱ የለመደ ሰው፣ ጎልምሶ ከተውኔት ወደ ታሪክ ቢሻገር አይደንቅም። እርግጥ ይህ ማብራሪያ ለኅሩይ የሚስማማውን ያህል በሩሲያ የመድፈኛ መኮንንነት ትምህርት ለቀሰሙት ለተክለ ሐዋርያት አይስማማም።

ሁለተኛው ምክንያት ለቤተ መንግሥት መቅረብ ነው። የሸዋ ቤተ መንግሥት ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ የእነዚህ አውራጃዎች ልጆች አብረው ወረዱ። ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ጥቂት ስለነበር አንዱ ሰው ጸሐፊም፣ ዳኛም፣ መልእክተኛም፣ አሳታሚም ሆኖ አገለገለ። ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ማተሚያ ቤትም ነበራቸው። ተክለ ሐዋርያት የገንዘብ ሚኒስትርና በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነዋል። መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። የዘውጉ ብዛት የመጣው ከኑሮው ብዛት ነው። ይህን ስናገር ግን አንድ ነገር መሸፋፈን አልፈልግም፤ ይህ ኑሮ የጥቂት ሰዎች ኑሮ ነበር። በዚያው ዘመን መንዝ ላይ ገብስ ሲያጭድ የነበረው ገበሬ እንደ እነርሱ ባይጓዝም ብዙ አይቷል፤ ያየውን የሚያስቀምጥበት ወረቀት ግን አልነበረውም። የእርሱ ዘውጎች ቀረርቶ፣ ፉከራ፣ እንጉርጉሮና ሙሾ ነበሩ። አብዛኛዎቹም ከባለቤቶቻቸው ጋር አፈር ገብተዋል።

ከአምስቱ መካከል ከበደ ሚካኤልን ለብቻቸው ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የእኔን ክርክር ያከብዱብኛል። ዘውጋቸው ከማንም አያንስም፤ የግል ሕይወታቸው ግን በሥራዎቻቸው ውስጥ እምብዛም አይታይም። የመንዝ ልጅ ሆነው የጻፉት ስለ ካርታጎው አኒባል፣ ስለ ጃፓን ሥልጣኔ፣ ስለ ጥንት ነገሥታት ነው፤ የሼክስፒርን ሮሜዎና ዡልየት ወደ አማርኛ መልሰዋል። ምንጫቸው ቤተ መጻሕፍት ነበር። ስለዚህ «ብዙ ዘውግ የሚጽፍ ሰው የግድ ብዙ የኖረ ሰው ነው» የሚል ሕግ የለም። በሌላ በኩል፣ አንባቢ ዛሬም በቃሉ የሚይዝላቸው ግጥሞቻቸውንና ምሳሌዎቻቸውን ነው፤ ተውኔቶቻቸው ግን ከመድረክ ርቀዋል። የኖሩትን ሳይሆን ያነበቡትን ወደ ተውኔት ማምጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ የሚታይ ይመስለኛል።

የኖሩትን ወደ ልዩ ልዩ ዘውግ በማከፋፈል ረገድ ብልሃቱ ጎልቶ የሚታየው በኅሩይ ነው። በ1924 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ሄደው ተመለሱ፤ ወዲያው ያዩትን በጉዞ መጽሐፍ አሳተሙ። ባቡሩን፣ ፋብሪካውን፣ የተደረገላቸውን አቀባበል ሁሉ የጉዞ መጽሐፉ ሊሸከመው ይችል ነበር። አንድ ነገር ግን አልቻለም፤ ውጭ አገር አይቶ የተመለሰ ሰው አገሩ ሲገባ የሚደርስበትን። አንድ ሚኒስትር ተነሥቶ «የእኛ የተዝካር ድግስ ቤት ያፈርሳል» ብሎ በራሱ ስም ቢጽፍ ከካህኑም ከዘመዱም ጋር ይጣላል። ስለዚህ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» በተባለው ልብ ወለዳቸው አወቀ የሚባል ወጣት ፈጠሩ። አወቀ ከሸዋ ገጠር ተነሥቶ አውሮፓ ይማራል፤ ሲመለስ አባቱ ሞቶ ተዝካር አውጣ ይባላል፤ እምቢ ይላል፤ ከዘመድ አዝማዱና ከካህናቱ ጋር ይጋጫል። አወቀ ኅሩይ አይደለም። ነገር ግን ኅሩይ በሚኒስትር አፍ ሊሉት የማይችሉትን ይላል። ስለ ጃፓን የሚያወራው መጽሐፍና ስለ አወቀ የሚያወራው መጽሐፍ በአንድ ዓመት ልዩነት ከአንድ ጠረጴዛ የወጡ ናቸው። ሁለቱም ከመንገድ የተገኙ ሆነው ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

መኮንን እንዳልካቸው ለየት ያለ ጠባይ አላቸው። በጠላት ወረራ ዘመን በኢየሩሳሌም በስደት ቆይተዋል፤ ከድል በኋላ ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ሆኑ። በልብ ወለዶቻቸው ውስጥ ሀብትና ሹመት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ገጸ ባሕርያቱ ያዝናሉ፤ ይሞታሉ፤ የዓለምን ከንቱነት ይናገራሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ስለ ሹመት ከንቱነት መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ፌዝ ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ስደትን የቀመሰ ባለ ሥልጣን በመንግሥት ንግግሩ ሊያሰማው የማይችለውን ፍርሃት ያስቀመጠበት ጓዳ አድርጌ ነው የማነባቸው። የአቡነ ጴጥሮስን ሰማዕትነት ለማንሣት ሲፈልጉ ደግሞ ልብ ወለዱን ትተው «የደም ድምፅ» በተባለው ሥራቸው ወደ ተውኔት ሄዱ። ተገቢም ነበር። አደባባይ ላይ የተፈጸመ ሞት አደባባይ ላይ መታየት ይፈልጋል፤ ተመልካቹ በጋራ ተቀምጦ ማየት አለበት።

አሁን ወደ ዳኛቸው ወርቁ ልምጣ። ከሌሎቹ አራቱ የሚለየው ባለ ሥልጣን አለመሆኑ ነው። የዘመናዊ ትምህርት ቤት ውጤት ነው፤ መምህር ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው «አደፍርስ» መቼቱን ያደረገው ደራሲው በተወለደበት በደብረ ሲናና በአካባቢው ነው። ባለታሪኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ ከመመረቁ በፊት የአንድ ዓመት ብሔራዊ አገልግሎት ለመስጠት ወደ ገጠር ተልኮ ያስተምራል። ይህ የአገልግሎት ሥርዓት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ጉዳዩ የአምስት ዓመት ዕድሜ ብቻ የነበረው፣ ትኩስ የመንግሥት ፖሊሲ ነበር ማለት ነው። በዛሬው ቋንቋ ብንናገር ደራሲው «ወቅታዊ ጉዳይ» ላይ ነው የጻፈው።

«አደፍርስ»ን አስቸጋሪ የሚያደርገው ነገር፣ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋነኛው ነገር ነው። ልብ ወለዱ ውስጥ ተውኔት አለ። ገጽ ሙሉ ቃለ ምልልስ ይሄዳል፤ ተራኪው ከመንገድ ዞር ይላል፤ ሰዎቹ ያወራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይተርታሉ፣ ይረግማሉ። ባለ ርስቷ ወይዘሮ አሰጋሽ በራሳቸው አነጋገር ይመጣሉ፤ ካህኑ በራሱ፤ የገረድ ልጅ በራሷ፤ ከከተማ የመጣው ተማሪ በመጽሐፍኛው። ግጥም አለ፤ የይፋትና የተጉለት ሰው የሚናገረው ቃል፣ መዝገበ ቃላት ተፈልጎ የማይገኝ፣ እንዳለ ገብቷል። ይህ ሁሉ ከየት መጣ ከተባለ፣ አስቀድሞ ለመድረክ ሲጽፍ ከቆየ እጅ ነው። ሰውን በንግግሩ መለየት የተውኔት ጸሐፊ ሙያ ነው። ዳኛቸው ወደ ልብ ወለድ ሲሻገር የተውኔቱን ልማድ አራግፎ አልመጣም፤ ይዞት ገባ። በጊዜው ብዙ አንባቢ «ይህ ምን ዓይነት ልብ ወለድ ነው?» ብሎ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ዛሬም በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የሚያቋርጠው ጥቂት አይደለም፤ ለእነርሱ ያለኝ ምክር ጮክ ብለው እንዲያነቡት ነው። ጆሮ የሚረዳውን ዓይን ብቻውን አይደርስበትም።

የሕይወት ልምዱ የት ገባ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። የደራሲውን ልምድ ፈልገን አደፍርስ ላይ እናነጣጥራለን፤ የተማረ ወጣት ስለሆነ እርሱ ራሱ ዳኛቸው ነው እንላለን። እኔ ግን የአገር ቤቱ ልጅነት የሚሰማኝ በአደፍርስ ሳይሆን በዙሪያው ባሉት ሰዎች ነው። አደፍርስ ብዙ ያወራል፤ ሁሉን ያብራራል፤ ባላገሩን ሊያስረዳው ይሞክራል። ደራሲው አይራራለትም፤ በተማሪዎች ረብሻ መካከል በተወረወረ ድንጋይ ተመትቶ ይሞታል። የራሱን ሕይወት የሚተርክ ሰው እንዲህ ማድረግ አይችልም፤ የትዝታ ጸሐፊ ራሱን በድንጋይ ገድሎ መጽሐፉን አይቀጥልም። ልብ ወለድ ለዳኛቸው የሰጠው ነፃነት ይህ ነው፤ የራሱን ትውልድ ከውጭ ሆኖ መመርመር፣ ሲያስፈልግም መቅጣት። ዓመቱን ልብ እንበል፤ 1962 የተማሪው እንቅስቃሴ የጋለበት ወቅት ነው። በዚያ ሰዓት አንድ መምህር በስሙ «ተማሪው ባላገሩን አያውቀውም» የሚል ትዝታ ቢያሳትም ከሁለቱም ወገን ይወገር ነበር።

ጎን ለጎን ሊነበብ የሚገባው ሌላ መጽሐፍ አለ። አሜሪካዊው የሥነ ማኅበረሰብ ምሁር ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ተቀምጦ ያጠናውን «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝኛ አሳተመ። ዳኛቸው ከአምስት ዓመት በኋላ የጻፈው የመንዝ ጎረቤት ስለሆነው አካባቢ ነው። ሁለቱም የሚጠይቁት ተቀራራቢ ጥያቄ ነው፤ ነባሩና አዲሱ ሲገናኙ ምን ይፈጠራል? ሌቪን «የመንዝ ገበሬ እንዲህ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ማብራሪያ ይሰጣል። ዳኛቸው ጋ ግን «የይፋት ሰው እንዲህ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከተገኘ፣ ወዲያው ሌላው ገጸ ባሕርይ ተነሥቶ ያፈርሰዋል። አንዱ ዘውግ ለመደምደም የተሠራ ነው፤ ሌላው ለማከራከር። ስለ ሰሜን ሸዋ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ቢያነብ ይጠቀማል። በዩኒቨርሲቲ የሚጠቀሰው ግን በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው፤ ልብ ወለድ «ማስረጃ» አይባልማ!

ዳኛቸው በዚያ አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1973 በለንደን የታተመው የእንግሊዝኛ ልብ ወለዱ የታመመ ፊታውራሪ ጸበል ፍለጋ ወደ ዝቋላ ተራራ የሚያደርገውን ጉዞ ይዞ ይነሣል። ወንዱ ልጅና ሴቷ ልጅ አብረውት ይወጣሉ። ሰዎቹ እንደ «አደፍርስ» ብዙ አያወሩም፤ መንገዱ፣ ሕመሙና ሕዝበ ክርስቲያኑ ናቸው የሚናገሩት። ለምን ይህ ለውጥ? እኔ እንደሚመስለኝ «አደፍርስ» የቆመው በአማርኛው ላይ ነው፤ ያን ቋንቋ ካነሣህለት አብሮት ይወድቃል። ለባዕድ አንባቢ ሲጽፍ ጆሮ ሳይሆን ዓይን የሚይዘው ታሪክ መረጠ። በ1967 ዓ.ም. «እምቧ በሉ ሰዎች» የተባለውን መድበል፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን አወጣ። አራት ዓይነት አንባቢ፣ አራት ዓይነት መጽሐፍ። መንዝና ተጉለት ላይ ቤት የገባው ገብስ ሁሉ በሶ ሆኖ አያልቅም፤ ባለቤቷ ለመንገደኛው በሶ፣ ለድግሱ ጠላ፣ ለአራሷ ገንፎ እያለች ትመድበዋለች። ዳኛቸውም የጻፈውን እንዲሁ ለየአንባቢው የሚመድብ ሰው ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ሰሜን ሸዋ የኖረው ነገር ምንድን ነው? በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ነደደች። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ወርዶ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ያዘ፤ ጣርማ በር የጦር ግንባር ሆነ። ደብረ ብርሃን ከየአቅጣጫው የተፈናቀለውን ሕዝብ ተቀበለች፤ ብዙዎቹም ለዓመታት በመጠለያ ቆዩ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ወደ ሌላ ግጭት ገባ፤ መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል፣ ትምህርት ቤት ይቆማል። የዳኛቸው ልብ ወለድ የቆመበት መሬት ማለት ነው። ለአንድ ደራሲ ከዚህ የከበደ ጭነት ሊኖር አይችልም።

ይህ ሁሉ እስካሁን ወደ ጽሑፍ የገባው በሁለት መልክ ነው፤ በዜናና በምስክርነት። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ምስክርነት ግን በትንሽ ከተማ ውስጥ የታወቀ ችግር አለበት። ደብረ ሲና ላይ «አንዲት ሴት» ብለህ ብትጽፍ ሠፈርተኛው ማን እንደሆነች ሳምንት ሳይሞላ ይደርስበታል። ስሟን መቀየር አይበቃም፤ የቤቷ አቅጣጫ፣ የልጆቿ ብዛት፣ የጠላ ቤቷ ምልክት ያጋልጣታል። የተደፈረች ሴት፣ ጎረቤቱን የጠቆመ ሰው፣ ወንድሙ በሌላ ወገን የተሰለፈበት ወጣት እንዴት ነው በትዝታ መጽሐፍ የሚናገሩት? አይናገሩም። የተናገሩ ሲመስላቸውም የሚናገሩት ሊሰማ የሚችለውን ብቻ ነው። ልብ ወለድ ሦስት ሰው አንድ ያደርጋል፤ አንዱን ሰው ሦስት ያደርጋል፤ ከተማውን ወደ ሌላ ኮረብታ ያዛውራል። ይህን የሚያደርገው ለማስዋብ ብቻ አይደለም። እውነቱን ማውጣት የሚቻለው ባለቤቱን በመሸሸግ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ይህም ዋስትና እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዓሉ ግርማ የሰሜን ሸዋ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ከኖሩት መጻፍ ምን እንደሚያስከፍል ሲነሣ ስሙ ሳይጠራ አይታለፍም። በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ ኤርትራ ውስጥ በሥራ ላይ ሆኖ ያየውን ይዞ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አወጣ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አንባቢው ገጸ ባሕርያቱን ከባለ ሥልጣናቱ ጋር እያዛመደ ነበር ያነበበው። ጭምብሉ ስስ ሲሆን ልብ ወለድም እንደ ትዝታ ይቆጠራል። የዛሬዎቹ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለውን መስመር ለገበያ ብለው ሲለጥፉ ይህን የሚያስቡት አይመስለኝም። ደራሲውን የሚከላከልለትን አንድ ነገር ራሳቸው ቀድደው ይጥሉታል።

ገበያው ለምን ትዝታን መረጠ ለሚለው ገንዘብ ግማሹን መልስ ይሰጣል። ወረቀት ከውጭ ይገባል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኅትመት ዋጋ ደራሲውን ከአቅሙ በላይ ወጥሮታል። አብዛኛው ደራሲ የሚያሳትመው በራሱ ወይም ከዘመድ በተበደረው ገንዘብ ነው፤ አከፋፋዩ ድርሻውን ያነሣል፤ ቀሪው ቅጂ ቤት ውስጥ ይከመራል። በዚህ ሁኔታ አንድ ሰው ልብ ወለድም፣ ተውኔትም፣ የግጥም መድበልም ያሳትም ዘንድ መጠበቅ ጭካኔ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ማሳተም የሚችል ሰው በእርግጠኝነት የሚሸጠውን ይመርጣል። የታወቀ ስም ያለው ሰው ትዝታ ይሸጣል፤ የማይታወቅ የደብረ ብርሃን መምህር የጻፈው ተውኔት በመጽሐፍ መልክ አይሸጥም። ተውኔት ድሮም ቢሆን በወረቀት አይሸጥም፤ መድረክ ይፈልጋል፤ መድረኩ ደግሞ ያለው አዲስ አበባ ነው።

ሌላው ግማሽ መልስ አርታዒ ነው። ቀድሞ እንደ ኩራዝ ያሉ የመንግሥት አሳታሚዎች በነበሩበት ዘመን ሳንሱሩ አንገት ያስደፋ ነበር፤ ይህን ማንም አይናፍቅም። ነገር ግን ረቂቁን አንብቦ «ይህ ልብ ወለድ አይደለም፤ ሁለተኛውን ምዕራፍ አውጣና አጭር ልብ ወለድ አድርገው» የሚል ሰው ነበር። ዛሬ ረቂቁ ከኮምፒውተር በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ለጻፈው ነገር የትኛው ዘውግ እንደሚስማማ ደራሲውን የሚጠይቀው ሰው ከመንገዱ ላይ ጠፍቷል። ውጤቱም ይታወቃል፤ ዐሥር ገጽ ግሩም አጭር ልብ ወለድ ሊሆን ይችል የነበረ ነገር በአራት መቶ ገጽ ትዝታ መካከል ተቀብሮ እናገኘዋለን።

በዚህ መካከል ሳይስተዋል ክፍት የሆነ በር አለ፤ ድምፅ። የአማርኛ ልብ ወለድ በሬዲዮ ትረካ ወደ ብዙ ሰው ቤት የገባበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ የወጋየሁ ንጋቱን «ፍቅር እስከ መቃብር» ትረካ ገና የሚያስታውሰው ብዙ ነው። ዛሬ ትረካው ወደ ስልክ ገብቷል፤ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ እስኪደርስ ያዳምጠዋል። ወረቀት አይፈልግም። እንደ ዳኛቸው ያለ፣ ሰዎቹን በንግግራቸው የሚለይ ደራሲ ዛሬ ቢኖር ከወረቀት ይልቅ እዚህ የሚሠራ ይመስለኛል። የመንዙን፣ የይፋቱን፣ የአርጎባውን አነጋገር ለማቆየትም ከመጽሐፍ የተሻለ ቤት ነው። ያሳዝናል፤ እስካሁን የሚተረከው በአብዛኛው ቀድሞ የታተመው ሥራ ነው፤ ለጆሮ ታስቦ ከመጀመሪያው የተጻፈ ልብ ወለድ ብዙም አልገጠመኝም።

ስለ ጦርነቱ ልብ ወለድ መጻፍን በተመለከተ ዘወትር የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ «ገና ነው፤ ቁስሉ ሳይደርቅ አይነካም» የሚል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ በተለይ ከተጎጂው አፍ ሲወጣ። ከላይ የተነሡት ደራስያን ግን ለዚህ አንድ ወጥ የጊዜ ልክ አልተከተሉም። ኅሩይ ከጃፓን በተመለሱ በዓመቱ ልብ ወለዳቸውን አወጡ። ዳኛቸው የአምስት ዓመት ጉዳይ ላይ ጻፈ። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ተገድለው መኮንን ተውኔታቸውን ያሳተሙት በ1940 ነው። የተክለ ሐዋርያት ደግሞ ከሁሉ ይለያል። «ፋቡላ» የተባለውን የአውሬዎች ኮሜዲያቸውን በአፍላ ዕድሜያቸው ጻፉ፤ ተረቱ የቤተ መንግሥቱን ብልሹነት የሚነካ ሆኖ ስለተገኘ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ከመድረክ ታገደ። የሕይወት ታሪካቸው ግን ከተጻፈ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ፣ እርሳቸው ካለፉ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖ በ1999 ዓ.ም. ነው ለአንባቢ የደረሰው። በስማቸው የተናገሩት ዘመን ተሻግሮ መጣ፤ በአውሬ አፍ የተናገሩት ግን ቢታገድም በራሳቸው ዘመን ተሰምቷል፤ ያገዱትም የሰሙት ናቸው።

ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ደብረ ሲና ያለፉበትን ነገር የሚጽፈው ሰው ምናልባት አሁን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛ እያስተማረ ይሆናል። ምስክርነቱን በማስታወሻ ደብተር ይያዝ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስሙን ሳያዛባ ይጻፈው፤ ለልጆቹ ይተወው። ለተማሪዎቹ ግን በሚቀጥለው ሰኔ የትምህርት መዝጊያ በዓል ላይ የሚያሳዩት የሃያ ደቂቃ ተውኔት ሊጽፍላቸው ይችላል። አውሬዎች ይናገሩበት፤ የሰው ስም አይጠራበት። ወላጆቹ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ጅቡ ማን እንደሆነ፣ ጦጣዋ ማን እንደሆነች እርስ በርስ ይጠያየቁ።